ዲስኩን ከመንቀላችሁ በፊት፦ የሰርቨር ሀርድ ዲስክ ሁኔታዎችን እንዴት እናንብብ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ቴክኒሻን ነው። «ጋሼ፣ ስሎት 3 ላይ ያለው ዲስክ ተበላሽቷል ይላል። ሦስተኛውን ነቅዬ አዲስ ላስገባ ስል ሁሉም ነገር ቀጥ አለ» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዚያ ሰርቨር ላይ የስሎት (የዲስክ ማስገቢያ) ቁጥር የሚጀምረው ከ0 ነው። ስሎት 3 ማለት ከግራ ሲቆጠር አራተኛው ዲስክ ነው። እሱ የነቀለው ሦስተኛውን፣ ማለትም ስሎት 2ን ነው። ደህና ሲሠራ የነበረውን። አራት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 ነበር፤ ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን አሰባስቦ እንደ አንድ ዲስክ ማሠራት ነው። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢጎድልበት ይሠራል። ሁለት ከጎደለበት ይቆማል።

ዳታው ተርፏል። እንዴት እንደተረፈ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ከማውቃቸው ሁሉ ትጉህ ነው። ግን ማንም ቁጭ አድርጎ ስክሪኑ ላይ የሚወጡት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ አላስረዳውም። እኔም አላስረዳሁትም። ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሰሉ ልጆች ነው። ባንክ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ትንሽ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰርቨር ተረክባችሁ «አደራ» ለተባላችሁ ሁሉ።

ደረጃ 1፦ የዲስኩ ሁኔታ ነው ወይስ የሬይዱ?

ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓይነት ሁኔታ አለ። አንደኛው የእያንዳንዱ ዲስክ ነው፤ ፊዚካል ዲስክ ይባላል። ሁለተኛው ዲስኮቹ ተባብረው የሠሩት የአንዱ ትልቅ ዲስክ ነው። ዴል ላይ ቨርቹዋል ዲስክ፣ ኤችፒኢ ላይ ሎጂካል ድራይቭ ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነዚህን ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው።

«ፌይልድ» የሚለው ቃል ከአንድ ዲስክ አጠገብ ከተጻፈ አንድ ዲስክ ሞቷል ማለት ነው። ሬይዱ መጠባበቂያ እስካለው ድረስ ዳታችሁ ግን አለ። ያው ቃል ከቨርቹዋል ዲስኩ አጠገብ ከተጻፈ ዳታው አሁን አይነበብም ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የምታደርጉት ነገር ግን ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቨርቹዋል ዲስኩን እዩ።

«ኦፕቲማል» ካለ ሁሉም ዲስክ በቦታው ነው። «ዲግሬድድ» ካለ ዲስክ ጎድሎበታል፤ ቢሆንም እየሠራ ነው። «ፓርሻሊ ዲግሬድድ» የሚለውን ሬይድ 6 ላይ ታገኙታላችሁ። ከሁለቱ መጠባበቂያዎች አንዱ ሄዷል፣ አንዱ ቀርቷል ማለት ነው። «ኦፍላይን» ወይም «ፌይልድ» ካለ ሥራው ቆሟል። እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ምንም ሳትነኩ ቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

ከዚያ የሬይዱን ዓይነት እወቁ። ሬይድ 0 ላይ መጠባበቂያ የለም፤ አንድ ዲስክ ከሄደ ሁሉም ሄደ። ሬይድ 1 ሁለት መንታ ዲስክ ነው። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል፣ ሬይድ 6 ሁለት። ሬይድ 10 የመንታዎች ስብስብ ነው። ከየመንታው አንድ አንድ ቢሞት ይሠራል፤ የአንዱ መንታ ሁለቱም ከሞቱ ግን ያበቃል። ሐሳቡ ሬይድ ተብሎ የተሰየመው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ባወጡት ጥናት ነው። ርካሽ ዲስኮችን አሰባስቦ እንደ አንድ አስተማማኝ ዲስክ ማሠራት ነበር ዓላማው። ዲስክ እንደሚሞት ከመጀመሪያው ታስቦበታል። ስለዚህ አንድ ዲስክ ሲሞት አትደንግጡ። ጊዜ አላችሁ።

ደረጃ 2፦ መብራቱን ተመልከቱ፣ ግን በመብራቱ ብቻ አትወስኑ

የዲስኩ ፊት ላይ ሁለት ትናንሽ መብራቶች አሉ። አንዱ ሥራ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ አንዱ ሁኔታውን። ዴል ፓወርኤጅ ላይ የሁኔታው መብራት ሳያቋርጥ አረንጓዴ ከሆነ ዲስኩ ኦንላይን ነው። በሰከንድ አራት ጊዜ ብርቱካናማ ብልጭ ካለ ሞቷል። አረንጓዴ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ጥፍት እያለ ከተመላለሰ «ልሞት ነው» እያለ ነው። አረንጓዴው ቀስ እያለ ብልጭ ካለ ዳታ መልሶ እየሞላ ነው። በሰከንድ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ከሶፍትዌሩ «የትኛው እንደሆንክ አሳየኝ» ተብሎ ነው፣ ወይም ለመውጣት እየተዘጋጀ ነው።

የኤችፒኢ ፕሮላያንት መብራት አንድ የምወደው ነገር አለው። ከጀነሬሽን 8 ጀምሮ በብዙዎቹ ላይ ዲስኩ መያዣ ላይ ነጭ መብራት አለ፤ ትርጉሙ «አትንቀሉኝ» ነው። ይህ ነጭ መብራት የሚበራው ያ ዲስክ ቢወጣ ሬይዱ የሚወድቅ ከሆነ ነው። ሬይድ 5 ላይ አንዱ ዲስክ ሲሞት የቀሩት ላይ ነጩ ይበራል። ሰማያዊው ደግሞ መፈለጊያ ነው።

ታዲያ መብራቱ ለምን አይበቃም? ዲስኩ ሲሞትና ገመዱ ሲላላ ሊመሳሰል ይችላልና። ፍጹም የጠፋ መብራት ለመውጣት የተዘጋጀ፣ ገና ያልተመደበ ወይም ኃይል ያላገኘ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ወደ ስክሪኑ ይላካችሁ። ዴል ላይ አይድራክ፣ ኤችፒኢ ላይ አይሎ፣ ሜጋሬይድ ኮንትሮለር ላይ ስቶርሲኤልአይ የሚባለው ፕሮግራም አለ። ኮንትሮለር ዲስኮቹን በሬይድ የሚያስተዳድረው ካርድ ነው። ሰርቨሩን ሪስታርት ሳታደርጉ እነዚህን ክፈቱ።

ሪስታርት ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ለዓመታት ሳይጠፋ ሲሽከረከር የኖረ አሮጌ ዲስክ አንዴ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። መብራት ሄዶ፣ ዩፒኤሱ ተዳክሞ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ አብሮ ያልተነሳ ዲስክ ያላየ የአዲስ አበባ ቴክኒሻን ያለ አይመስለኝም። አንድ ዲስክ በጎደለበት ሬይድ ላይ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ሁለተኛውንም ሊያሳጣ ይችላል። «እስቲ ሪስታርት እናድርገው» የምትለዋ ልማድ ለላፕቶፕ ትሁን።

ደረጃ 3፦ የዲስኩን ሁኔታ ማንበብ

ቀላሎቹን ቶሎ እንለፍ። «ኦንላይን» ዲስኩ በሬይዱ ውስጥ ሆኖ እየሠራ ነው። «ሬዲ» ወይም ሜጋሬይድ ላይ «አንኮንፊገርድ ጉድ» ደህና ዲስክ ነው፣ ግን ገና ሥራ አልተሰጠውም። «ሆት ስፔር» ተጠባባቂ ነው፤ አንዱ ሲሞት ራሱ ገብቶ ይተካል። «ግሎባል» ከሆነ ለየትኛውም ሬይድ ይገባል፣ «ዴዲኬትድ» ከሆነ ለተመደበለት ብቻ። «ኖን ሬይድ» ወይም «ጄቦድ» ያለ ሬይድ ለብቻው የሚሠራ ነው።

አሁን ወደሚያስቸግሩት።

«ፕሪዲክቲቭ ፌይለር»። ዲስኩ እየሠራ ነው፣ ግን በቅርቡ እንደሚሞት ራሱ ተናግሯል። ይህን የሚናገረው ስማርት በሚባለው የራሱ መቆጣጠሪያ በኩል ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን እያየ ወራት ያልፋል። «እየሠራ አይደል?» ይባላል። እኔ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው እላለሁ። ዲስኩ ሳይሞት የምትቀይሩት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ከሞተ በኋላ ግን ሬይዱ እርቃኑን ሆኖ ነው የምትሠሩት።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ይህን ዲስክ ዝም ብላችሁ አትንቀሉ። ገና እየሠራ ስለሆነ ዳታውን ወደ ተጠባባቂው ዲስክ በቀጥታ መገልበጥ ይቻላል። ዴል ላይ «ሪፕሌስ ሜምበር»፣ ሜጋሬይድ ላይ «ኮፒባክ» ይባላል። በዚህ መንገድ ሬይዱ አንድም ደቂቃ ሳይጎድልበት ዲስኩ ይቀየራል። ትርፍ ስሎት ካላችሁ ሁልጊዜ ይህን ምረጡ። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ጤንነት አይደለም። ጉግል በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮች ላይ ያካሄደውን ጥናት አውጥቶ ነበር። ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ከሚባሉት አራት የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። ስማርት ሲናገር እመኑት፤ ዝም ሲል ግን አትተማመኑበት።

ስማርቱን ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ብዙ ቁጥር ይወጣል። ሳታ በሚባለው የማገናኛ ዓይነት የሚሠራ ዲስክ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው ጥቂቶቹን ነው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በሌላ ቦታ የተተኩ ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትናንሽ የዳታ ክፍሎች) ናቸው። 197 ማንበብ አስቸግረው ፍርድ የሚጠብቁ ሴክተሮች ናቸው። 198 ጭራሽ ያልተነበቡት ናቸው። እነዚህ ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። ትንሽ ቁጥር ኖሮ ለወራት ካልተንቀሳቀሰ ብዙም አያሳስብም፤ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሄደ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው። ቁጥር 199 ሌላ ታሪክ ነው። እሱ ካደገ ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ገመዱን ፈትሹ።

ሜጋሬይድ ላይም ይህን የሚመስል ነገር አለ። «ሚዲያ ኤረር» የሚለው ቆጣሪ ከፍ ካለ ዲስኩ ራሱ ነው የታመመው። «አዘር ኤረር» የሚለው ብቻ ከፍ ካለ ገመድ፣ ማገናኛ ወይም ዲስኮቹ የሚሰኩበት ቦርድ ሊሆን ይችላል። አዲስ ዲስክ ቀይራችሁ እዚያው ስሎት ላይ እንደገና ከሞተ፣ ሦስተኛ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ስሎቱን ጠርጥሩ።

«ፌይልድ»፣ «ኦፍላይን»፣ «ሚሲንግ»። ሦስቱም «ዲስኩ ከሬይዱ ወጥቷል» ይላሉ፣ ግን የወጣበት መንገድ ይለያያል። ፌይልድ ሲሆን ኮንትሮለሩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ አውጥቶታል። ኦፍላይን ብዙ ጊዜ ሰው በትእዛዝ ያወጣው ነው። ሚሲንግ ወይም «ሪሙቭድ» ደግሞ ኮንትሮለሩ ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ተነቅሏል፣ ኃይል አላገኘም፣ ወይም በደንብ አልገባም። ሚሲንግ ካያችሁ መጀመሪያ ሰርቨሩ ፊት ቁሙና ዲስኩ ጥግ ድረስ ገብቶ መቆለፉን እዩ። ሰርቨር ከቢሮ ቢሮ ሲዛወር ይህ በጣም ያጋጥማል።

ፌይልድ የተባለ ዲስክ ሁሉ የሞተ ነው ወይ? አይደለም። ዋጋው ቀንሶ ስለተገኘ ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ ሰርቨር ውስጥ የገባ እንደሆነ ይህ ይመጣል። የሰርቨር ዲስክ አንድ ሴክተር አልነበብ ሲለው ብዙ ጊዜ 7 ሰከንድ ያህል ሞክሮ ይተወዋል፣ ቀሪውን ለኮንትሮለሩ ይተውለታል። የዴስክቶፕ ዲስክ ግን ከዚያ በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ሊሞክር ይችላል። ኮንትሮለሩ መልስ ሲያጣ «ሞቷል» ብሎ ያስወጣዋል። ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩት ደህና ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለሬይድ ግን አይሆንም።

«አንኮንፊገርድ ባድ»። ኮንትሮለሩ ዲስኩን አይቶታል፣ ግን አያምነውም። በትእዛዝ ወደ «ጉድ» መመለስ ይቻላል። እኔ የምመልሰው ምክንያቱን ካወቅሁ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ዲስኩ በስሕተት ተነቅሎ የተመለሰ ከሆነ። በሚዲያ ኤረር የወጣ ከሆነ ግን ስሙን ብትቀይሩለት በሽታው አይለቀውም።

«ፎሪን»። ሰው የሚያስደነግጥ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ግን «እንግዳ» ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ የሬይድ መረጃ ተጽፏል፣ ግን ኮንትሮለሩ ከያዘው መዝገብ ጋር አይገጥምም። ከሌላ ሰርቨር የመጣ ዲስክ እንዲህ ይላል። ወጥቶ የተመለሰ ዲስክም እንዲህ ሊል ይችላል። ኮንትሮለሩ ራሱ ተበላሽቶ ሲቀየር ደግሞ ዲስኮቹ በሙሉ ፎሪን ይሆናሉ።

ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። «ኢምፖርት» ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን መዝገብ ተቀበል ማለት ነው፤ ዳታው ይቆያል። «ክሊር» ማለት መዝገቡን አጥፋ ማለት ነው። ከመጋዘን የወጣ ያገለገለ ዲስክ በሞተው ቦታ ልትተኩ ከሆነ ክሊር ትክክል ነው። ኮንትሮለር ቀይራችሁ ወይም ዲስኮቹን በሙሉ ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውራችሁ ከሆነ ግን ክሊር ማለት የራሳችሁን ዳታ በእጃችሁ መጣል ነው። ያኔ ኢምፖርት ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ከሁለቱም እጃችሁን ሰብስቡ። ፎሪን የሆነ ዲስክ ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።

«ሪቢልዲንግ»። ዲስኩ ከሌሎቹ ዳታ እየሞላ ነው። ይህ ለብቻው ደረጃ ይገባዋል፤ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 4፦ ከመንካታችሁ በፊት ጻፉ

ወረቀት ያዙ። የስሎቱን ቁጥር፣ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር፣ ሁኔታውን፣ የቨርቹዋል ዲስኩን ሁኔታ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የኮንትሮለሩን ሎግ ፋይል አውርዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ዲስኮቹ የወጡበት ቅደም ተከተል የተጻፈው እዚያ ነው። ነገር ከከፋ በጣም የምትፈልጉት መረጃ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ባክአፕ። የመጨረሻው ባክአፕ መቼ ነው? ተከፍቶ ተነብቦ ያውቃል? ሬይድ ባክአፕ አይደለም፤ አንድ ሰው በስሕተት ፋይል ቢያጠፋ ሬይዱ በሁሉም ዲስክ ላይ በታማኝነት ያጠፋዋል። ሬይዱ ዲግሬድድ ከሆነና የቅርብ ባክአፕ ከሌላችሁ መጀመሪያ ቢያንስ ዋናውን ዳታቤዝ ወደ ውጭ ገልብጡ። ዲስክ መቀየሩ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ይሻላል።

ከዚያ የመፈለጊያውን መብራት ከሶፍትዌሩ አብሩ። «ብሊንክ» ወይም «ሎኬት» ይባላል። ሰርቨሩ ፊት ሄዳችሁ የትኛው ብልጭ እንደሚል እዩ። ያን ሌሊት ልጁ ይህችን አንድ ትእዛዝ ቢያውቅ ኖሮ አልደወለልኝም ነበር። የሞተው ዲስክ መብራት አልበራ ካለ ተቃራኒውን አድርጉ፦ የደህናዎቹን አብሩና ያልበራውን ለዩ።

አዲሱ ዲስክ መጠኑ ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ሳስ (ሌላው የማገናኛ ዓይነት) በሳስ፣ ሳታ በሳታ ይተካ። የሴክተሩም መጠን ይግጠም፤ 512 ባይት በሆነ ሬይድ ውስጥ 4096 ባይት ብቻ የሚያውቅ ዲስክ አይገባም። በእኛ አገር ዲስክ ከውጭ ታዝዞ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሰርቨር ሲገዛ አብሮ አንድ ሁለት ትርፍ ዲስክ ይገዛ ብላችሁ ከግዥ ክፍል ጋር ተከራከሩ። እኔ በዚህ ጉዳይ ተከራክሬ ተጸጽቼ አላውቅም።

ደረጃ 5፦ መቀየር

መንቀሉ ራሱ አጭር ነው። የሲሪያል ቁጥሩን ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። መያዣውን ከፍታችሁ ዲስኩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳብ አድርጉና ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ውስጡ ያለው ሳሕን ይቁም። ከዚያ አውጡት። አዲሱን አስገቡ፣ እስኪቆለፍ ግፉት። ሰርቨሩ እንደበራ ነው ይህ ሁሉ። አጥፍቶ መቀየር፣ በተለይ ተነቅሎ እንዲሰካ በተሠራ ሰርቨር ላይ፣ ጥቅም የለውም።

ብዙ ጊዜ ሪቢልዱ ራሱ ይጀምራል። ካልጀመረ አዲሱ ዲስክ ሁኔታው ምን እንደሆነ እዩ። ፎሪን ከሆነ ክሊር ይጠብቃል። ሬዲ ከሆነ ሆት ስፔር ብላችሁ መድቡት፤ ወዲያው ይጀምራል።

አንድ ዲስክ ፌይልድ፣ ሌላው ፕሪዲክቲቭ ፌይለር ከሆነስ? ሬይድ 5 ከሆነ ይህ ከባድ ቀን ነው። ልሞት ነው የሚለውን አትንኩት፤ አሁን ዳታውን የተሸከመው እሱም ነው። መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከዚያ የሞተውን ቀይሩ፣ ሪቢልዱ ይለቅ፣ በመጨረሻ ሁለተኛውን።

ደረጃ 6፦ ሪቢልድ ሲካሄድ

ስሌቱን አንድ ጊዜ ሥሩት። 8 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሞላ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ ሰርቨሩ ሌላ ሥራ ከሌለው ነው። ሠራተኛው እየተጠቀመበት ከሆነ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በብዙ ኮንትሮለሮች ላይ ለሪቢልድ የሚሰጠው ድርሻ 30 በመቶ ተብሎ ነው የሚመጣው። ቅዳሜና እሑድ ላይ ከፍ፣ ሰኞ ጠዋት ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

በዚህ ጊዜ የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ለዓመታት ያልተነካ ጥግ ላይ የተደበቀ የተበላሸ ሴክተር ካለ አሁን ይወጣል። ተራ ዲስኮች የሚመጡት ከ10^14 ቢት አንድ ያልተነበበ ሊኖር ይችላል ተብሎ ነው፤ ይህ 12.5 ቴራባይት ያህል ነው። የሰርቨር ዲስኮች ብዙዎቹ 10^15 ነው የሚሉት። እነዚህ ከፍተኛ ገደብ ናቸው እንጂ እርግጠኛ ቀጠሮ አይደሉም። ቢሆንም በትልልቅ ዲስኮች ሬይድ 5 ለመሥራት የሚያስብ ካለ ሬይድ 6 ወይም 10 እንዲያደርገው እለምነዋለሁ።

ይህ ጥግ ላይ ያለ ብልሽት በሪቢልድ ቀን እንዳይወጣባችሁ አስቀድሞ መፈለግ አለበት። «ፓትሮል ሪድ» የሚባለው ይህን ይሠራል። ሜጋሬይድና ፐርክ (የዴል ኮንትሮለር) ላይ በየ168 ሰዓቱ፣ ማለትም በየሳምንቱ፣ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ማንም እንዳላጠፋው አረጋግጡ። «ሰርቨሩ ከበደ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። በነገራችን ላይ የሰርቨሩ የመጻፍ ፍጥነት በድንገት ከቀነሰ ዲስኮቹን ብቻ አትመልከቱ። የኮንትሮለሩ ባትሪ ሲደክም ጊዜያዊ ማከማቻው ይዘጋና ሁሉም ነገር ይጎተታል። ዲስኮቹ ሁሉ ኦንላይን ይላሉ።

ሪቢልድ ሲካሄድ ሌላ ዲስክ አይነቀልም፣ ፈርምዌር (የዲስኩ ወይም የኮንትሮለሩ የውስጥ ሶፍትዌር) አይቀየርም፣ ሪስታርት አይደረግም። ፈርምዌሩን ግን በሰላሙ ጊዜ አትርሱት። ኤችፒኢ በኅዳር 2019 (በአውሮፓውያን) ባወጣው ማስጠንቀቂያ አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ እንደሚሞቱ ተናግሮ ነበር። ይህ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ፈርምዌሩ ካልታደሰ በአንድ ቀን የበሩ ዲስኮች በአንድ ሰዓት አካባቢ ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ለዚህ የትኛውም ሬይድ አይበቃም።

ሊኑክስ ላይ የሬይድ ኮንትሮለር ሳይኖር ለምትሠሩ

ኤምዲአድም የሚባለውን የሊኑክስ የሬይድ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ኤምዲስታት የሚለውን ፋይል ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ደህና ዲስክ አንድ ዩ ፊደል ይጻፋል፤ ለጎደለው የሥር ሰረዝ። አራት ዲስክ ኖሮ ሦስት ዩ እና አንድ ሰረዝ ካያችሁ አንዱ የለም። ከዲስኩ ስም አጠገብ በቅንፍ ኤፍ ካለ ሞቷል፣ ኤስ ካለ ተጠባባቂ ነው። ሰው የሚያሳስተው ዝርዝሩ ላይ «ክሊን፣ ዲግሬድድ» የሚለው ነው። ክሊን የሚለው የጽሕፈቱን ወጥነት እንጂ የዲስኩን ጤና አይደለም። ሁለተኛውን ቃል ሳታነቡ አትለፉ።

ዜድኤፍኤስ (ራሱ ሬይድ የሚሠራ የፋይል ሥርዓት) ላይ «ፎልትድ» ብዙ ስሕተት ስላሳየ የወጣ ነው፤ «አናቬይል» ሊከፈት ያልቻለ ነው። የማንበብ፣ የመጻፍና የቼክሰም (የዳታ ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ስሕተት በሦስት ዓምድ ይቆጠራል። የቼክሰሙ ብቻ ካደገ፣ በተለይም ብዙ ዲስኮች ላይ አንድ ላይ ካደገ፣ ገመድን፣ ኮንትሮለርን ወይም ሜሞሪን ጠርጥሩ። ዜድኤፍኤስ የሚሞላው በዳታ የተያዘውን ክፍል ብቻ ስለሆነ ግማሽ ባዶ የሆነ ዲስክ ቶሎ ይጨርሳል። በሁለቱም ላይ አሮጌው ዲስክ ገና ካልሞተ እንደተሰካ አዲሱን አጠገቡ አስገብቶ መተካት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ሬይዱ ከወደቀ

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ልጁን መጀመሪያ ያልኩት «ምንም አትንካ፣ መጣሁ» ነው። ስደርስ ቨርቹዋል ዲስኩ ፌይልድ ይላል። ስሎት 2 ውስጥ የገባው አዲሱ ዲስክ ሬዲ ይላል። ስሎት 3 የሞተው እዚያው አለ። የተነቀለው ደህናው ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል።

ሁለት ፈተና ነበር። አንዱ ሬይዱን እንደ አዲስ ፈጥሮ «ኢኒሻላይዝ» ማለት ነው፤ ይህ ዳታውን ይደመስሳል። ሌላው የሞተውን ስሎት 3ን በግድ ኦንላይን ማድረግ ነው። ይህ የበለጠ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ሊሠራ የሚችል ይመስላል። ሎጉን ስናይ ያ ዲስክ የወጣው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ አያውቅም። በግድ ብናስገባው አሮጌ ዳታ ከአዲስ ጋር ይደባለቅ ነበር። ሕጉ ይህ ነው፦ መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመለሳል። መጀመሪያ የወጣው በግድ አይመለስም፤ እንደ አዲስ ይሞላል እንጂ።

አዲሱን ዲስክ አውጥተን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወደ ስሎት 2 መለስነው። ፎሪን አለ። ኢምፖርት አልነው። ቨርቹዋል ዲስኩ ዲግሬድድ ብሎ ተነሳ። ሦስት ዲስክ በቂው ነበር። ባክአፕ ወሰድን፤ እስኪነጋ ፈጀ። ከዚያ የመፈለጊያውን መብራት ልጁ ራሱ አበራ። አራተኛው ዲስክ ላይ ብልጭ አለ። እሱን ነቅሎ አዲሱን አስገባ።

እናንተ ጋ ግን ሁለት ዲስክ በእውነት በብልሽት ከሞተና ባክአፕ ከሌለ፣ ሰርቨሩን አጥፉና እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የስሎት ቁጥሩን ጽፋችሁ ለባለሙያ ስጡ። ከዚያ በኋላ የምትሞክሩት እያንዳንዱ ነገር የመትረፍ ዕድሉን ይቀንሳል።

በማግስቱ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ገዛን። ከግራ ጀምሮ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብለን ከየዲስኩ በላይ ሰርቨሩ አካል ላይ ለጠፍን። መያዣው ላይ አይደለም፤ መያዣው ከዲስኩ ጋር ይወጣል። ሲሪያል ቁጥራቸውን በሠንጠረዥ ጽፈን ካቢኔቱ በር ውስጥ በኩል ለጠፍነው። ዲስክ በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ይሰረዛል፣ አዲሱ ከነቀኑ ይጻፋል። የመጀመሪያዋ መስመር የልጁ የእጅ ጽሑፍ ነች፦ ስሎት 3።